ከቀላል ወደ መካከለኛ ከፍ ስላለው መንገድ

ለወንዝ ዳር የእግር ጉዞ መንገድ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለጉልበትዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ጉልበትን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ እደርስበታለሁ። እኛ እንደምንሆነው ሆነን አለን። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፣ አባቴ የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ይውላል፣ እኔም ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። የቋንቋ መምህራችን በማመልከቻ ላይ ምስጋና ከቅሬታ መቅደም እንዳለበት ስላስተማረን፣ እኔም በምስጋና እጀምራለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ከእርስዎ ድልድይ ላይ ወድቆ በሞተ ማግስት ማለት ይቻላል፣ መሥሪያ ቤትዎ ፈጣን እርምጃ ስለወሰደ እጅግ አመሰግናለሁ። በመግቢያው በር ላይ «ቀላል፤ ለመላው ቤተሰብ የሚመች» ይል የነበረው ሰሌዳ ተነሥቶ፣ «መካከለኛ» የሚል አዲስ ሰሌዳ በሚያምር ቀለም ተጽፎ ቆሟል። ድልድዩ ግን እንደነበረ ነው። ያን ቀን ያልነበረው የእጅ መደገፊያ ዛሬም የለም፤ ያን ቀን ያዳልጥ የነበረው ሳንቃ ዛሬም ያዳልጣል። አንድ ልጅ ሲሞት መንገዱ አንድ ደረጃ ከፍ የሚል ከሆነ፣ «ከባድ» ለመባል ስንት ልጅ እንደሚቀረው መጠየቅ ድፍረት እንዳይሆንብኝ ትቼዋለሁ።

ወንድሜን አያውቁትምና ላስተዋውቅዎ። ቤት ውስጥ «መሐንዲሱ» እንለው ነበር፤ ዳቦ ሊገዛ ሲላክ እንኳ በየት ሄዶ በየት እንደሚመለስ ሳያስብ አይወጣም። እናታችን ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ከሱቅ አልፋ ሄዳ ስለማታውቅ፣ ወንዝ ዳር ወስጄ ንፁሕ አየር ካላስተነፈስኳት ብሎ ተነሣ። ሰሌዳዎን አንብቦ፣ «ቀላል» የሚለውን አምኖ፣ መጀመሪያ ብቻውን ሄዶ ሊያየው ወሰነ። መሥሪያ ቤትዎ በሚያድለው የምክር ወረቀት ላይ ያለውን ሁሉ አድርጓል፦ በጠዋት ተነሣ፣ ውሃና ስንቅ ያዘ፣ ሶሉ ያልተበላ ጫማ አደረገ፣ የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ለቤተሰብ፣ ማለትም ለእኔ፣ ነገረ። እኔ ፈተና ነበረብኝ። ስወጣ ስልኬ ላይ መልእክቱን አገኘሁት። አግዳሚ ወንበሮቹና ጥላው የት የት እንዳሉ አንድ በአንድ ከዘረዘረ በኋላ፣ «እማዬ ትችለዋለች። ድልድዩን ብቻ ልየውና እመጣለሁ፤ እራቴን እንዳትነካብኝ» ይላል።

ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የሐዘን መግለጫዎ ደርሶናል፤ ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይነበባል። ነገር ግን በዚያው ፖስታ ውስጥ «ከአቅምዎ ጋር የሚመጣጠን መንገድ ይምረጡ» የሚል ወረቀት ተጣጥፎ ገብቷል። ለማን እንደተላከ ስላልገባን፣ አባቴ አንብቦ ሲጨርስ በወንድሜ አልጋ ላይ አኖረው። እስካሁን እዚያው አለ፤ የሚያነሣው ሰው ጠፍቷል።

፪. እናቴ ልጇ የወደቀበትን ቦታ ማየት ትፈልጋለች። ከዚህ ሌላ የምትለው ነገር የለም። ስለዚህ እኔም እንደ ወንድሜ ተቀምጬ ጉዞውን አቀድኩ፤ የምታርፍባቸውን ወንበሮች ከመልእክቱ ላይ ወሰድኩ፣ ፀሐይ ሳይበረታ እንድንደርስ አሰብኩ፣ ምርኩዟንም አባቴ ጫፉን ጎማ አለበሰላት። ቲኬት መስኮቱ ጋ ስንደርስ ግን፣ በአዲሱ መመሪያ መሠረት ምርኩዝ የያዘ ሰው ወደ «መካከለኛ» መንገድ እንደማይገባ ተነገረን። ቲኬት ቆራጯ ክፉ ሰው አይደለችም፤ «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግዎት? በዚያ በኩል ቀላሉ አለ፣ አበባም አለው» ብላ ለመነቻት። ከኋላችን የተሰለፉት «ኧረ ፍጠኑ!» ሲሉ ተመለስን። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሰሌዳው የተቀየረው ልጇ ስለሞተ ነው፤ ልጇ የሞተበት እንዳትደርስ የከለከላት ደግሞ ሰሌዳው ነው። ይህን ለእናቴ ላስረዳት ሞክሬ አቃተኝ፤ ለእኔም ስላልገባኝ ይሆናል።

፫. ስለዚሁ ጉዳይ ቢሮዎ ድረስ ተመላልሻለሁ። ክቡርነትዎ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ በመሆንዎ ለሥራ ያለዎትን ትጋት አደንቃለሁ። ጸሐፊዎ «አንተ ልጅ፣ ትምህርት የለህም እንዴ?» አለችኝ። አለኝ። አዋቂ ይምጣ ስለተባለም አባቴን ይዤ መጣሁ፤ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጎ ሲጠብቅ ዋለና፣ ሲዘጋ «ነገ ይመለሱ» ተባለ። አባቴ አመስግኖ ወጣ። እሱ ሲያመሰግን ማየት ከሁሉ የባሰ ነበር።

፬. አራተኛውን ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ቆየሁ። የምፈልገው ነገር በክቡርነትዎ ሥልጣን ሥር እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ባዶውን ትቼዋለሁ።

በሥልጣንዎ ሥር ያለውን ግን በትሕትና እለምናለሁ። በወንድሜ የልደት ቀን፣ ለዚያች ቀን ብቻ፣ አሮጌው ሰሌዳ ከመጋዘን ወጥቶ በቦታው ይቁም። እናቴ ድልድዩ ላይ አትወጣም፤ ከዳር ሆና አይታ ትመለሳለች። ስለ አቅሟ ማስረጃ ካስፈለገ፣ መንገዱን በእግሩ ሄዶ የመረመረው ሰው «ትችለዋለች» ያለበት መልእክት ስልኬ ላይ አለ።

መንገዱ ያለ አንዳች ጥገና ከፍ እንዳለ ሁሉ፣ ክቡርነትዎም ያለ አንዳች ድካም ከሹመት ወደ ሹመት ከፍ ከፍ እንዲሉ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለተደረገልንና ወደፊትም ለሚደረግልን ሁሉ ከወዲሁ አንገቴን ዝቅ አድርጌ አመሰግናለሁ።

የመሐንዲሱ ታናሽ ወንድም

ተጨማሪ፦ አባቴ ለድልድዩ መደገፊያ ሠርቶ፣ ልጦና ቀለም ቀብቶ አምጥቶ ነበር። ጥበቃው ያለ ፈቃድ አይገጠምም ብሎ በሩ ላይ አስቀረው። ትናንት በዚያ ሳልፍ እርጥብ ካፖርቱን አስጥቶበት አየሁ። ጥሩ ከባድ ካፖርት ነው፤ እንጨቱ ግን ቅንጣት አልጎበጠም። ይህን የምነግርዎ፣ ምናልባት ጥንካሬው አጠራጥሯችሁ እንደሆነ ብዬ ነው።