ከመጠየቃቸው በፊት በሩን የሚያዩት ሲስተር ውብነሽ ጣሰው

ሲስተር ውብነሽ ጣሰው ከአባታቸው ከአቶ ጣሰው ወልደሰንበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የኔነሽ ደጀኔ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1938 ዓ.ም. በጅማ ከተማ፣ ዛሬ ቦሳ ኪቶ ቀበሌ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ከሰላሌ መጥተው በቡና መጋዘን በመዛኝነት ያገለገሉ ሲሆን፣ እናታቸው ዳቦ ጋግረው ለሻይ ቤቶች ያቀርቡ ነበር። ከአጥሩ ማዶ የወይዘሮ ለጢፋ አባቦራ ቤት ነበር። ሕፃኗ ውብነሽ ግማሹን ቀን እዚያ ስለሚውሉ ኦሮምኛን አፋቸውን ከመፍታታቸው ጋር አብረው ለመዱ። በኋላ ሁለቱን ቋንቋ እኩል እንዴት እንደቻሉ ሲጠየቁ፣ በሁለቱም ስለተቆጧቸው መሆኑን ይናገሩ ነበር።

የመጀመሪያና የመካከለኛ ትምህርታቸውን በጅማ ከተከታተሉ በኋላ በረዳት ነርስነት ሠልጥነው፣ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በአጋሮ አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። በ1959 ዓ.ም. ከመምህር ለይኩን ኃይሌ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጽመው ልጆች አፍርተዋል። ወደ ልጆቻቸው ነገር በመጨረሻ እንመለሳለን።

በጤና ጣቢያው ሥራቸው መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ ነበር። የታወቁት ግን በመጠየቅ ነው። በዚያ አገር እናት ልጆቿን በቁጥር መጥራት አትወድም፤ ቁጥር ክፉ ነገር ይጠራል ተብሎ ይፈራል። ስንት ልጅ ወለድሽ፣ ስንቱ ሞተብሽ የተባለች ሴት አላህ ያውቃል ብላ ዝም ትላለች። ሲስተር ውብነሽ ቁጥር አይጠይቁም ነበር። የበኩሩን ስም ይጠይቁና ከእርሱ ቀጥሎ ማን መጣ፣ ከእርሷስ ቀጥሎ እያሉ እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። የሞተው ሕፃን ተራው ሲደርስ እናትየዋ ራሷ ስሙን ትጠራዋለች። ቁጥሩን እርሳቸው በልባቸው ይይዛሉ። የእናቶቹን ፍርሃት ግን ከልባቸው አያምኑበትም ነበር፤ ማታ ለባለቤታቸው ሲያወሩ ፈገግ ይሉ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. የቡና ለቀማው ሊጀመር ሲል በአጋሮ ዙሪያ ወባ በረታ። ጤና ጣቢያ የመጣውን በሽተኛ ብቻ ቆጥሮ የበሽታውን ስፋት ማወቅ ስለማይቻል፣ ያልመጣውንም ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ የዳሰሳ ጥናት ከአዲስ አበባ ታዘዘ። ጥናቱ መድኃኒት የሚሞከርበት አልነበረም። የሰዉን ኑሮ ሳይነኩ፣ እንዳለ አይቶና ጠይቆ መመዝገብ ነበር። የቡድኑ መሪ ዶክተር እሱባለው የተባሉ ጨዋና ጠንቃቃ ሐኪም ሲሆኑ፣ ሲስተር ውብነሽን የጠያቂዎች ኃላፊ አደረጓቸው። ቤቶቹ በዕጣ ይወጣሉ፤ ዕጣ የደረሰው ቤት በሌላ አይለወጥም። የመጀመሪያው ጥያቄ ትናንት ማታ እዚህ ቤት እነማን አደሩ የሚል ነበር። ያደረው ካልታወቀ፣ ካደሩት መካከል ምን ያህሉ እንደታመመ ማወቅ አይቻልም። ጥናቱ በሙሉ የቆመው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ያን ጊዜ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። በየመንደሩ ዕድሜያቸው የደረሰ ወንዶች ይፈለጉ ነበር። ይህችኑ ጥያቄ በሌላ ሰዓት፣ ከሌላ ሰው አፍ የሰሙ እናቶች ጥቂት አልነበሩም።

ማኅበሩ የሚመድበው መንገድ መሪ ሳይኖር ወደ መንደር መግባት አይፈቀድም። ከአጋሮ ወደ ጌራ በሚወስደው መንገድ ላይ ላሉት መንደሮች የተመደበው መሪ ጓድ ጎሳዬ የተባለ የገበሬ ማኅበር ጥበቃ ነበር። ቦርሳ ይሸከምላቸዋል፤ ውሻ ያባርርላቸዋል፤ ወንዝ ሲሻገሩ እጁን ይሰጣቸዋል። ጠመንጃውን ከትከሻው አያወርድም። በዚያ አገር ደግሞ ደጅ የደረሰን ሰው ውጭ ማቆም ነውር ነው። ሲስተር ውብነሽ የገቡበት ቤት ሁሉ ለእርሱም በርጩማ ይወጣለታል። እርሱም አመስግኖ ይቀመጥና ያዳምጣል።

ዕጣ ከደረሳቸው ቤቶች አንዱ የወይዘሮ ሶረቲ ነበር። ወይዘሮ ሶረቲ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቡናቸውን ከሴት ልጆቻቸው ጋር የሚለቅሙ ሴት ናቸው። ትናንት ማታ ማን አደረ ተብለው ሲጠየቁ ጓድ ጎሳዬ ወደተቀመጠበት በርጩማ አየት አድርገው እኔና ሴቶቹ ብለው መለሱ። ሲስተር ውብነሽ ግን ከጓዳ የሚንቀጠቀጥ ሰው ትንፋሽ ሰምተው ነበር። ሠላሳ ብርድ ልብስ ቢደረብበት የማይሞቀው የወባ ብርድ መሆኑን ከድምፁ ለዩት። እንደሠለጠኑት ጥያቄውን ደገሙት። ከዚያም ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ፣ “የምትነግሪኝ ከእኔ አይወጣም፤ ግን ካልነገርሽኝ የታመመው ሰው ሌሊቱን አያድርም” አሏቸው።

ወይዘሮ ሶረቲ ተነሥተው የጓዳውን መጋረጃ ገለጡ። አጎቱ ዘንድ ሊሙ ሄዷል ተብሎ የተነገረለት ልጃቸው ገመቹ ተኝቶ ነበር። ከጣቱ ደም ተወሰደ፤ ክሎሮኪን ተሰጠው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደለት። በሦስተኛው ቀን፣ የመጨረሻውን ክኒን ሳይውጥ፣ ጎህ ሲቀድ መጥተው ወሰዱት። ከዚያው መንደር በዚያው ጠዋት የተወሰዱት ሌሎች ወጣቶችም ከዕጣው ቤቶች የወጡ ነበሩ።

ሲስተር ውብነሽ ቃላቸውን አላጠፉም። ከእርሳቸው የወጣ ነገር የለም። ጓድ ጎሳዬም የሰማውን ለማኅበሩ የማሳወቅ ግዴታ ነበረበት። በሳምንቱ ወይዘሮ ሶረቲ ጤና ጣቢያ ድረስ በእግራቸው መጥተው የተረፈውን ክኒን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው መለሱላቸው።

“አሁን እኔ ቤት የታመመ የለም” አሉ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ከቡድኑ ቀድሞ መንደር ይገባ ጀመር። ጠያቂዎቹ ሲደርሱ በር ክፍት ነው፤ እሳቱ አልጠፋም፤ ቀዩ ቡና በቅርጫት እንዳለ ተትቷል። ቤት የሚገኙት አሮጊቶችና ሕፃናት ብቻ ናቸው። የታመመ አለ ሲባሉ የለም፤ የሞተ አለ ሲባሉ የለም፤ ያደረ ሲባሉም ራሳቸውን እንኳ ለመጥራት ያመነታሉ። ላሞች ሳይታለቡ ይጮሁ ነበር። በጫካው ውስጥ ግን ሳል ይሰማል፤ ወባ የያዘው ሰው መሬት ላይ እያደረ ነበርና። በርጩማ ግን በየቤቱ መውጣቱን አልተወም።

መጠይቆቹ አጋሮ ላይ ሲጠቃለሉ ዶክተር እሱባለው ደነገጡ። በቡና አገር፣ በለቀማ ወቅት፣ ወጣት ወንድ የሚባል አልተገኘም። ቡናው ግን ተለቅሞ ወደ ጅማ ይጫናል። ዶክተሩ ወረቀቶቹን ደጋግመው ካዩ በኋላ ይህን ሁሉ ወንድ ወባው ጨርሶት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሲስተር ውብነሽ እስከዚያ ቀን አለቃቸውን ተቃውመው አያውቁም ነበር።

“ወባው አይደለም ዶክተር። እኛ ነን።”

ዶክተሩ በማግስቱ ቡድኑ ያለ መሪ እንዲሄድ ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። ጥናቱ ሳያልቅ ተቋረጠ። በመኪና ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ለሲስተር ውብነሽ እጃቸውን ዘርግተው፣ እንዳለ አይቶ መመዝገብ የሚባለው ነገር እኛ በሩ ላይ እስክንደርስ ብቻ ነው ብለዋቸው እንደነበር መምህር ለይኩን ያስታውሳሉ።

በ1979 ዓ.ም. ወደ ጅማ ተዛውረው፣ ለሕፃናት ጤና ጥናት የሚሰማሩ ወጣት ሴት ጠያቂዎችን የማሠልጠን ኃላፊነት ተሰጣቸው። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት መካከል በእጃቸው ያለፋችሁ ትኖራላችሁ። የመጀመሪያው ትምህርታቸው ስለ መጠይቁ አልነበረም። አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት በሩን እዩ፣ ማን እንደሚሰማ ሳታውቁ አትጠይቁ የሚል ነበር። መሪ በራሱ ጨዋነት ውጭ የሚቀርበት ቤት አራስ ያለችበት ብቻ ስለሆነ፣ የጎረቤት ሴቶችን ለአራስ ጥየቃ እየሰበሰቡ እዚያው አልጋዋ ዙሪያ ይጠይቋቸው ነበር። ዕጣውን አበላሽተሻል ተብለው በጽሑፍ ተገሥጸዋል። ተግሣጹን ተቀብለው በዚያው ቀጠሉ። ከአራስ ቤት የተሰማ ነገር ወደ ውጭ ወጥቶ አያውቅም።

በየዓመቱ ለቀማው ሲያልቅ ወደ ወይዘሮ ሶረቲ ቤት ይሄዱ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ደጅ ቆመው ለመግባት ፈሩ። ወይዘሮ ሶረቲ በርጩማ አውጥተው፣ “ግቢ ሲስተር። ማን አደረ ብለሽ ብቻ አትጠይቂኝ” አሏቸው። ሲስተር ውብነሽ አልጠየቁም። ከገመቹ አልፎ አልፎ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ወደ ኦሮምኛ እየተረጎሙ ያነቡላቸው እርሳቸው ነበሩ። ከመጋቢት 1980 ዓ.ም. ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም። ሲስተር ውብነሽ ግን መሄዳቸውን አላቋረጡም፤ ሁለቱ ሴቶች ተቀምጠው ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ያወሩ ነበር።

ሲስተር ውብነሽ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ በጉበት ሕመም ተይዘው በጅማና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። ሕመሙ በጸናባቸው ሰሞን በከተማችን ወጣቶች ከየመንገዱና ከየቤቱ ይወሰዱ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አልጋ ላይ ሆነው የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር መብራቱ እንዲጠፋ ያዝዙ ነበር። ራሳቸው ያሠለጠኗት አንዲት ወጣት ለሌላ ጥናት ዕጣ ወደ ደረሰው ቤታቸው ስትመጣ፣ አላወቀቻቸውም፤ በጣም ከስተው ነበር። ወረቀቷን ዘርግታ ትናንት ማታ እዚህ ቤት እነማን አደሩ ብላ ጠየቀች። ሲስተር ውብነሽ ከትራሱ ቀና ብለው በሩን አዩ። አንድ የቀበሌ ሰው የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ልማዱ ስለማይለወጥ በርጩማ ወጥቶለት ነበር፤ ገና አልተቀመጠም።

“እኔ ብቻ” አሉ።

ልጅቷ ያን ጊዜ በድምፃቸው አወቀቻቸው። ጥያቄውን አልደገመችውም። የተባለችውን ጽፋ ወጣች።

ሲስተር ውብነሽ ጣሰው ጥር 14 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው በዚያው ቤት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው አቶ ለይኩን ኃይሌ እና ሴት ልጃቸው ጽጌ ለይኩን ከአስከሬናቸው አጠገብ ቆመዋል። ወይዘሮ ሶረቲም ትናንት ከጌራ መንገድ መጥተው ከቤተሰቡ ጋር አድረዋል። ድንኳኑን የተከሉትና ቃሬዛውን የተሸከሙት የዕድሩ አዛውንቶች ናቸው። ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም።

በዚህ ቦታ የሌሎቹ ልጆች ስም በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል ሊነበብ ይገባ ነበር። አይነበብም። ሲስተር ውብነሽ ከማረፋቸው በፊት ለቤተሰቡ ያዘዙት አንድ ነገር ይህ ነው። በወጣትነታቸው ፈገግ ይሉበት የነበረውን የአጋሮ እናቶች ፍርሃት የራሳቸው አድርገው፣ ልጆቼን በሰው ፊት አትቁጠሩብኝ ብለዋል። ስማቸውን የሚያውቅ በልቡ ይያዝ፤ የማያውቅም አይጠይቅ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሩ ላይ የሚያዳምጥ በሌለበት ቤት ያሳርፍ።