የጣሊያኑ ሥዕል ከክበቡ ግድግዳ እንዲወርድልኝ

ሚያዝያ 11 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለከተማው ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ለጓድ ደምመላሽ ብሩ
ኮምቦልቻ

አመልካች፦ ወይዘሮ ጣይባ ሙሄዲን

ጉዳዩ፦ በቀበሌያችን መዝናኛ ክበብ የተሰቀለችው ሴት እኔ አለመሆኔ ታውቆ ሥዕሉ እንዲወርድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣

1. ነገሩን ለማመልከቻ ጸሐፊ ለመናገር አፍሬ፣ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርሁት ፊደል ራሴ ጽፌዋለሁ። ስሕተቱን ይለፉልኝ።

2. ባለቤቴ ሞቶብኝ በአንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ቤት ልብስ አጣቢ ነበርሁ። ቤቱ ተወርሶ ሰውየው ሲሄድ የቀረውን ሥዕል ቀበሌው አስቀምጦ ዘንድሮ በክበቡ ሰቀለው። ሥዕሉ የሴት ነው። ልብስ የላትም። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ራስዎ ሄደው ይዩት።

3. ከሥሩ «የቡርዥዋው ቤት ገመና» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ቤት ከእኔ በቀር ሴት ስላልነበረች ከተማው «ጣይባ ናት» አለ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል ነበር፤ ያሰበ ግን የለም። ሴትዮዋ ዓይን እንኳ የላትም፣ ትከሻዋም ሰማያዊ ነው። ወላሂ እኔ አይደለሁም።

4. አቧራ ስጠርግ ሁልጊዜ በሻሼ እሸፍናት ነበር። ጣሊያኑ አይቶኝ ሳቀና ግርጌውን በእርጥብ ጨርቅ እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ። በእርሳስ ያለው የሠዓሊው የእጅ ፊርማ ነው። 41/90 የሚለው ደግሞ በሐር ወንፊት ቀለም እያሳለፉ ካተሟቸው ዘጠና ተመሳሳይ ሥዕሎች አርባ አንደኛው ማለት ነው ብሎኛል። ዓመቱም ከፊርማው አጠገብ አለ፤ ያን ጊዜ እኔ ቦሩ ሜዳ አባቴ ቤት ልጃገረድ ነበርሁ፣ ጣሊያኑንም አላውቀውም።

5. ልጄ ረሂማ ለሰኞ ገበያው ነጋዴ ለሐጂ ዘይኑልአቢዲን ልጅ ታጭታለች። ሽማግሌዎቹ ከደሴ ወርደው ወደ እኔ ሲመጡ ለሻይ ክበቡ ገብተው ኖሮ፣ ቤቴ ሳይደርሱ ተመለሱ። ኒካሑ እንደተንጠለጠለ ነው። ረሂማም «እማዬ፣ እውነት አንቺ ነሽ?» አለችኝ። አይደለሁም አልኋት። ግን የወለድኋት ልጅ ይህን እስክትጠይቀኝ መድረሴ አንገቴን አስደፍቶኛል።

6. ስለዚህ በእርሳስ የተጻፈው በሚያውቅ ሰው ተነቦ፣ እኔ አለመሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ለሐጂ እንዲጻፍልኝ በትሕትና እለምናለሁ። በስብሰባ ይነገር አልልም፤ እዚያ የምቆምበት ፊት የለኝም። ሰማንያ ዘጠኙ በሰው አገር ተሰቅለው ይኑሩ፣ እዚያ የሚያውቀኝ የለም። የኮምቦልቻዋን ብቻ ያውርዱልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታና ከሀፍረት ጋር፣

ኢትዮጵያ ትቅደም!

ጣይባ ሙሄዲን
(በእጄ የፈረምሁት)