ፊቴ ያልወጣበት ዘገባ

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፤

እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ? ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? እማዬስ፣ የቤቱ ሰውስ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ናፍቆታችሁ አንጀቴን ከመብላቱ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምታነብልህ እህቴም አንድ መስመር እንዳትዘል።

ለሌላ ሰው የማልነግረውን ለአንተ ልንገርህ። ትናንት በዜና ክፍሉ ሰው ሁሉ ፊት አፈርኩ። አለቃዬ ስለ ጎርፉ የሠራሁትን ዘገባ አስቁሞ፣ አንቺ ልጅ፣ ሬዲዮ የገባሽ መሰለሽ እንዴ፣ ወንዙ ደፍርሶ መሙላቱን ተመልካቹ እያየው አይደል ወይ አለኝ። ካሜራማኑማ፣ በቃ እኔ ልሰናበታ ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ።

አለቃዬ እውነቱን ነው። ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ሳለን «ቀይ እስክሪብቶ» የምንለው መምህራችን፣ ምስሉ የተናገረውን ቃል አይድገመው እያለ ጽሑፋችንን ሲሰርዝ ነው ያሳደገን። እዚህ ያስቀጠረኝም ያ ልማድ ነው፤ በፈተናው ቀን ከሁሉ ያነሰ ቃል የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ታዲያ ምን ነካሽ ትለኝ ይሆናል። ባለፈው በስልክ፣ የገበያውን ዘገባ አየሁት፣ ከስተሻል፣ ሰማያዊው ሹራብ ግን አምሮብሻል አልከኝ። አባዬ፣ በዚያ ዘገባ ድምፄ እንጂ ፊቴ አልወጣም። ሰማያዊ ሹራብም የለኝ፤ ያለችኝ ቡኒ ናት፣ ክርኗ የተበላ።

ቀይ እስክሪብቶ፣ የሰማችሁትን ሳታጣሩ አትመኑ ይለን ነበር። እህቴን አፋጥጬ ያዝኳት። ወንበርህን ቴሌቪዥኑ ሥር አስጠግተህ፣ ጆሮህን ብቻ ሰጥተህ እንደምትከታተል፣ እማዬም እንዳትነግረኝ እንዳስማለቻት አወጣችው። አሁን ስታነብልህ ድምጿ ቢሰበር እንዳትቆጣት።

ከዚያ ወዲህ ብዕሬ እሺ አይለኝም። ሰው ምን እንደለበሰ፣ ሰማዩ ምን እንደመሰለ እጽፋለሁ። ለአገር ሁሉ የማነብ ይመስላቸዋል፤ እኔ የማነበው ለዚያ ወንበር ነው።

ቃል ግን ዓይን አይሆንም። ለዘገባ ያነጋገርኩት የዓይን ሐኪም፣ ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፣ ብቻ ሳይውል ሳያድር ይምጣ ብሎኛል። ራሴ ይዤህ ልሄድ የአሥር ቀን ፈቃድ ጠይቄአለሁ።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አልተቀየምኳትም በላት። እህቴን፣ ያንን ለፍላፊ ወንድሜንና አክስቴንም በየተራ ሰላም በልልኝ።

አለቃዬ ዓርብ እመልስልሻለሁ ብሏል። እሺ ቢልም እምቢ ቢልም ከእሱ ቢሮ ወጥቼ ቀጥታ የምደውለው ለአንተ ነው። እስከዚያው ግን አባዬ፣ አየሁሽ አትበለኝ።

ናፋቂ ልጅህ
ከዜና ክፍሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ
ረቡዕ፣ ኅዳር 14