ከአንገቴ የተወሰዱት ሴሎች

ሰኞ
ፕላስተሩን በሻርፕ ሸፍኜ አስተማርኩ። ቅዳሜ ኡራኤል ጋ ያለ ክሊኒክ ሄጄ ነበር፤ ሐኪሙ አንገቴ ላይ ካለችው እብጠት በመርፌ ሴል ሊወስድ። ገና ከመጀመሩ «በቃ! በቃኝ!» ብዬ እጁን ያዝኩት። «ትንሽ ብትታገሺ» አለኝ። አልታገስኩም። ካንሰር ይሁን አይሁን ዓርብ ይለያል። ለእማዬ ሻርፑ ለጉንፋን ነው ብያታለሁ።

የሳምንቱ ትምህርት ደግሞ ሴል። ሌላ ርዕስ የጠፋ ይመስል!

ማክሰኞ
ሰሌዳው ላይ ሴል ሣልኩ። የሚገባና የሚወጣውን የሚለየው ሽፋን። ጉልበት የሚያመነጨው ሚቶኮንድሪያ። ትእዛዙን የያዘው ኒውክለስ።

«ቲቸር፣ ትእዛዙ ቢበላሽስ?» አለች አንዷ ከኋላ።

ሴሉ ማቆሚያ ያጣል፣ ዝም ብሎ ይከፋፈላል አልኩ። እጄ ሳላስበው ሻርፑ ላይ ሄደ። ደግነቱ ተደወለ።

ረቡዕ
ጠዋት ላብራቶሪ። ስቲኪኒ አድዬ ጉንጫችሁን ከውስጥ ፋቁ አልኳቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ቲቸር፣ ጾም ነው እኮ። ከሰዓት እንቆርባለን፤ አፋችን ውስጥ ምንም አናስገባም።»

እንዴት ይዘነጋል? ልቤ እዚህ የት አለና! የራሴን ጉንጭ ፋቅኩና ትንሿ መስታወት ላይ ቀባሁት። ማይክሮስኮፑ ላይ ምንም የለም። «እየፈራ የሚፍቅ ሰው ባዶ መስታወት ነው የሚያየው» ብዬ ጠንከር አድርጌ ደገምኩት። ሰማያዊ ቀለም ጠብ ሲደረግበት ሴሎቼ ታዩ፤ ጠፍጣፋ፣ መሐላቸው ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ። ልጆቹ ተጋፍተው አዩኝ። እዚያ ክሊኒክም አንድ የማላውቀው ሰው አጎንብሶ እያየኝ ይሆናል።

ሐሙስ
እማዬ ሻርፑን ገለጠችው። «ጉንፋን አንገት ላይ ይወጋል እንዴ?»

ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። «ብቻሽን ሄድሽ?» ብቻ አለች።

ዓርብ
ሳልጠራት ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከጎተራ ኡራኤል ድረስ በታክሲ ሄድን።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየና፣ «የወሰድነው ሴል በጣም ትንሽ ነው፤ ደህናም ክፉም ማለት አይቻልም። መደገም አለበት» አለ።

ባዶ መስታወት። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው እንባዬ ተከተለ። ሳምንቱን ሙሉ የፈራሁት ወረቀት ላይ ምንም የለም።

«መቼ ነው የሚደገመው?» አለች እማዬ።

«ከፈለገች አሁን።»

ሁለቱንም እጆቼን ጥርቅም አድርጋ ያዘች። «ይውጉ ዶክተር፣ ይዣታለሁ።»

በቃ አላልኩም። ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እፈራለሁ፣ በጣም። ለጊዜው ግን ከአንገቴ ይልቅ የሚያመኝ እጄ ነው።