ሪኪልዳ የፈቀደችው

ጥቅምት 28
ጎመናችንን ውርጭ መታው። ከሎዋር ወንዝ የሚመጣው ብርድ ዘንድሮ ቸኩሏል። ሪኪልዳ ጓሮ ቆማ ሰማዩን ስትሰድብ አረፈደች። "ሴትዮ፣ ኃጢአት ነው!" ብላት፣ "ታዲያ አንተ ተናዘዝልኝ" አለችኝ። ከተጋባን አስራ ዘጠኝ ዓመት... ሁሌም እንዲሁ ነን።

ኅዳር 3
ጉድ ነው! አዲስ ጳጳስ ለመምረጥ ካቴድራሉ ተሰብስበን፣ ቀሳውስቱ ሲነታረኩ፣ አንድ ቆዳ ፋቂ ከኋላ "ዳኛው አዳላርድ ይሁንልን!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ ተቀበለው። እኔ? ድቁና እንኳ የሌለኝ?
ደስ አለኝ። ለራሴ አልዋሽም።

ኅዳር 4
ሊቀ ዲያቆኑ ጎዝሊን እኛ ቤት ድረስ መጡ። ሚስት ያለው ሰው የሚሾመው፣ ሚስቱ በጉባኤ ፊት ፈቅዳ ገዳም ከገባች ብቻ ነው አሉኝ።
"እምቢ ካለችስ?"
"ካለችማ እርስዎም ወደ ጎመንዎ!"
እምቢ ትላለች። ሪኪልዳን አውቃታለሁ። እኔ እምቢ ብል ሕዝቡ ይቀየመኛል... እሷ ትበል።

ኅዳር 9
እራት ላይ "ሹመቱን ትፈልገዋለህ?" አለችኝ።
"የእግዚአብሔር ፈቃድ ከሆነ..." አልኩ። ይሄም መልስ ሆኖ! ሾርባዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ኅዳር 12
ጎዝሊን በጉባኤው ፊት ጠየቋት። ዞራ አየችኝ። እኔ አቀረቀርኩ።
"ፈቅጃለሁ" አለች።
ደጅ ላይ ያዝኳት። "እምቢ ትያለሽ ብዬ እኮ ነው!"
"እኔ ደግሞ አትሂጂ ትለኛለህ ብዬ ጠብቄ ነበር።"
ተመልሼ ገብቼ "ይቅርብኝ" ማለት እችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር። አልገባሁም... ለምን አልገባሁም?

ታኅሣሥ 20
ተሾምኩ። ቤት ባዶ ነው።

ጥር 8
ዛሬ ገዳም ሄድኩ፤ ሪኪልዳ የምትመነኩስበት ቀን ነው። የራስ መሸፈኛውን የማለብሳት እኔ መስሎኝ ነበር። አንዴ እንኳ ራሷን እነካለሁ ብዬ... እጄን ስዘረጋ እመምኔቷ ከለከሉኝ።
"አባታችን፣ ጳጳስ የሚያለብሰው ደናግሉን ነው። መበለት ራሷ ከመሠዊያው ታነሳለች።"
"መበለት አይደለችም! ባሏ እኮ..."
እጄን ሰበሰብኩ።
ሪኪልዳ ብቻዋን ወደ መሠዊያው ሄደች። ጥቁሩን ጨርቅ በገዛ እጇ አንስታ ተከናነበች። ከዚያ መጥታ እግሬ ሥር ተንበረከከች።
"ይባርኩኝ፣ አባታችን።"
አንቱ አለችኝ። ባረክኋት።