ዝም ያለው የላስቲክ ትል

ወንድሜ ቨርሊን፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። አሁንም መኪናዬን ራሴ እነዳለሁ፣ መንጠቆዬን ራሴ አስራለሁ፣ ይህንንም ፖስት ካርድ ራሴ ጻፍኩት። ድሮ የምትጽፍልኝ ሚስቴ ሎሪን ነበረች።

የዚህ ሐይቅ ውሃ እንደ እኛ ኩሬ ድፍርስ አይደለም፤ ከጀልባ ላይ ሆነህ የሥሩን ድንጋይ ትቆጥራለህ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ሎሪን ለዓሣ ማጥመጃ የገዛችልኝን፣ በሕይወት ሳለች አንድም ቀን ያልሞከርኩላትን የላስቲክ ትል መንጠቆዬ ላይ ሰክቼ ጣልኩና እንደ ሙቀቱ ወራት ነቅነቅ ማድረግ ጀመርኩ። ባለጀልባዋ ኦፓል ሳቀችብኝ።

«አባባ፣ በዚህ ብርድ ዓሣውም እንደ እርስዎ ሽማግሌ ነው፤ ሮጦ አይበላም። ይተዉት፣ ይተኛ።»

«ሽማግሌስ አባትሽ» አልኳትና በእልህ እጄን ሰበሰብኩ።

ትሉ ድንጋዩ ላይ ተኛ። ባስ ከሚሉት ዓሣ አንድ ትልቅ መጣና አፍንጫውን አስጠግቶ፣ የማዕድ ጸሎት እስኪያልቅ የሚያህል ጊዜ አየው። ከዚያ አፉን ከፈተ፤ ትሉ ጠፋ። ክሩ አልተጎተተም፣ ብቻ ከበደኝ። አወጣሁት፣ አየሁት፣ መለስኩት።

ቦታ አለቀብኝ። ሚስትህን ሩቢንና ልጆቹን ሳምልኝ። ሁለት ዕዳ አለብኝ፣ ሁለቱንም ራሴ እከፍላለሁ፦ ሠላሳ ዓመት «ላስቲክ የሚበላ ዓሣ የለም» ብዬ ስላሾፍኩብህ ቤትህ መጥቼ ይቅርታ መጠየቅ፣ ይህ ካርድ አይቆጠርም፤ ለሎሪን ደግሞ መቃብሯ ዘንድ ቆሜ «ልክ ነበርሽ» ማለት።

ሆይት