ለአንተ የተለቀቀችው ዘንዶ

ውድ ወንድሜ ኮምሳን፣

ዘንዶህ ዝንጅብል ዛሬም አልበላችም። ከማቀዝቀዣ ያወጣሁትን አይጥ በሙቅ ውሃ አለስልሼ፣ አንተ እንዳሳየኸኝ በመቆንጠጫ ይዤ አፏ ሥር አወዛወዝኩላት። ምላሷን አወጣች። ፊቷን አዞረች።

አንድ ተከራይ ጥሏት ከጠፋበት ክፍል ያመጣሃት ዕለት አፏ መግል ቋጥሮ ነበር። እማ በር ላይ ቆማ፣ "ወይ እሷ ወይ እኔ" አለች።

"እማ፣ የምትናከሺው አንቺ ነሽ። እሷ አትናከስም" አልካት አንተ።

ሰው ቤት የተፈለፈለች ዘንዶ። ዝናብ መትቷት አያውቅም። አፏን በጥጥ ስትጠርግላት ተጠቅልላ ጭንቅላቷን ትደብቃለች፣ እንደ ዝንጅብል ሥር። ስሟ ከዚያ ወጣ።

ከዚያ ትኩሳት አንተን ወሰደህ። ሣጥኗ ለእኔ ቀረ። እጄ ላይ ስትጠመጠም፣ እጅህን የምታውቅ አንዲት ነገር ቤት ውስጥ አለች እል ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

በሞትክ በመቶኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ሣጥኑ ባዶ ነው። እማ ነጭ ለብሳ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ከሞትክ ወዲህ ፊቷ እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

"ለቀቅኳት" አለች።

"የት?"

"ከገዳሙ ጀርባ፣ ቦዩ ላይ። ሰው ከገበያ ዓሣ ገዝቶ ለሟቹ ጽድቅ ብሎ ይለቃል። ዓሣ ምንድን ነው? የራሱን ፍጡር ነጻ ካወጣሁለት ጽድቁ ቀጥ ብሎ እሱ ጋ ይደርሳል። መነኩሴው ሲጸልዩ፣ ጽድቁ እንዲፈስለት ውሃ እያንቆረቆርኩ ስሙን ጠራሁ። ከፋሽ እንዴ?"

"አልከፋኝም፣ እማ።"

"ዞራ እንኳ አላየችኝም። ደግሞም አልነከሰችኝም። ያ ልጅ እውነቱን ነበር።"

ቦዩ ዳር ስፈልጋት ሰነበትኩ። በጀልባ ሾርባ የሚሸጡት ሴትዮ፣ "ምን ጠፋብሽ?" አሉኝ።

"ጉትቻ።"

"ቦይ የበላውን ተይው፣ የኔ ልጅ። ባልሽ ሌላ ይግዛልሽ።"

"ባል የለኝም።"

"እሱንም ቦዩ በልቶት ይሆናል።"

ያገኘኋት ከገዳሙ ደረጃ ሥር ነው። ጭንቅላቷን ደብቃ፣ እንደ ድንጋዩ ቀዝቅዛ። ከተለቀቀችበት ብዙም አልራቀችም።

ለእማ ለሥራ ይቀርበኛል ብያት ክፍል ተከራየሁ። እውነተኛው ምክንያት ዝንጅብል ናት። ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል። ሐኪሙ "ሳንባዋ ታሟል። መድኃኒቱን ስጫት፣ አሙቂያት። ሌላ የምለው የለኝም" አለ።

እማ ስትመጣ ሣጥኑን በልብስ እሸፍናለሁ። ትናንት አጠገቡ ተቀምጣ ሙዝ እየላጠች፣ "አሁን የት ደርሳ ይሆን?" አለችኝ።

"ባሕር ደርሳለች።"

"እንግዲያ ጽድቁም እሱ ጋ ደርሷል።" ግማሹን ሙዝ ሰጠችኝ። ከልብሱ ሥር ፉጨቱ ይሰማኛል። እማን አልተሰማትም፤ ወይም እንዳልተሰማት ሆነች።

ኮምሳን፣ ዝንጅብል መመለሷን እማ ካወቀች የላከችልህ ነገር መንገድ ላይ ይቀራል። ዝንጅብል ብትሞት ደግሞ እማ የላከችልህ ጽድቅ ሳይሆን ነፍስ ማጥፋት ነው። ስለዚህ መኖር አለባት፤ በድብቅ መኖር አለባት። እኔ ደግሞ እንዴት እንደማኖራት አላውቅም። የምታውቀው አንተ ነበርክ።

እዚያ የደረሰህ ነገር ካለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከየት መጣ ሳትል ተቀበል። እኔ የሣጥኗን ማሞቂያ መብራት አላጠፋም።

እህትህ ኦራታይ